በጃፓን በባቡር መጓዝና ከአገሬው ሰው ጋር መተዋወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጃፓንን በባቡር ለማየት የሚያስቡ መንገደኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገኛል? ከአውሮፕላን ማረፊያስ ወደ ቶኪዮ በባቡር መሄድ ይቻላል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት ቪዛ ማውጣት አለበት። ማመልከቻው አዲስ አበባ ላለው የጃፓን ኤምባሲ ይቀርባል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሌላ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ የሚኖር ሰው ደግሞ በዚያው አገር ባለው የጃፓን ኤምባሲ ያመለክታል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት የያዙ ግን ለጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል አድርጎ የሚያርፈው በናሪታ ነው። ከናሪታ ሁለት ፈጣን ባቡሮች ይነሣሉ። ናሪታ ኤክስፕረስ ወደ ቶኪዮ ጣቢያና ወደ ሺንጁኩ ያለ ቅያሬ ይወስዳል፤ ስካይላይነር የተባለው ደግሞ 40 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ ኒፖሪና ኡኤኖ ያደርሳል። ከረጅም በረራ በኋላ ሻንጣ እየጎተቱ ባቡር መቀያየር አድካሚ ስለሆነ፣ ማደሪያዎ ለየትኛው ጣቢያ እንደሚቀርብ አይተው ይምረጡ።

አንዱ ትኬት በሌላው ባቡር ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?

የባቡሮቹ ባለቤት አንድ ስላልሆነ ነው። የመንግሥት የነበረው የጃፓን ብሔራዊ የባቡር ድርጅት በ1987 ፈርሶ በየአካባቢው በተከፋፈሉ ስድስት የመንገደኛ ኩባንያዎችና በአንድ የጭነት ኩባንያ ተተክቷል፤ እነዚህም በአንድነት ጄ.አር. ይባላሉ። ከእነሱ ጎን ለጎን እንደ ኬይሴይ፣ ኦዳክዩ፣ ቶቡ፣ ኪንቴትሱና ሃንክዩ ያሉ የግል ኩባንያዎች የራሳቸው ሐዲድ፣ የራሳቸው ጣቢያና የራሳቸው ትኬት አላቸው፤ የምድር ውስጥ ባቡሩም እንዲሁ ለብቻው ነው። ስለዚህ መድረሻዎን ከወሰኑ በኋላ የሚሄዱበት መስመር የማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በገጠር ደግሞ አትራፊ ስላልሆኑ ሊዘጉ የነበሩ መስመሮችን የአካባቢው አስተዳደሮችና የግል ባለሀብቶች በጋራ ባቋቋሟቸው ኩባንያዎች አማካይነት ሲያንቀሳቅሷቸው ይታያል። ከአገሬው ሰው ጋር ለመገናኘት አብዛኛውን ጊዜ የሚመቹት እንዲህ ያሉት ትንንሽ መስመሮች ስለሆኑ፣ ከታች በሰፊው ተጽፎባቸዋል።

ሺንካንሰን ምን ያህል ይፈጥናል? ኖዞሚ፣ ሂካሪና ኮዳማ የሚለያዩትስ በምንድን ነው?

ሺንካንሰን የሚባለው የጃፓን እጅግ ፈጣን ባቡር ነው፤ የመጀመሪያው መስመሩ በቶኪዮና በኦሳካ መካከል የተከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 1964፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር። ያን ጊዜ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዛሬ በዚያው መስመር 285፣ ከኦሳካ ወደ ምዕራብ በሚቀጥለው 300፣ ወደ ሰሜን በሚወጣው የቶሆኩ መስመር ደግሞ 320 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚበዛበት በመሆኑ፣ መመዝገቢያዎቹ የመጀመሪያውን ንዝረት እንደያዙ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ባቡሮቹ ፍሬን እንዲይዙ ተደርጓል። ከተከፈተ ጀምሮም ባቡር ከባቡር ተጋጭቶ ወይም ከሐዲድ ወጥቶ የሞተ የሺንካንሰን ተሳፋሪ የለም።

ሦስቱ ስሞች የሚለዩት በሚቆሙባቸው ጣቢያዎች ብዛት ነው። ኖዞሚ ትልልቅ ከተሞች ላይ ብቻ ስለሚቆም ከቶኪዮ ኦሳካ ወዳለው ሺን ኦሳካ ጣቢያ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል፤ ሂካሪ ጥቂት ጣቢያዎችን ይጨምራል፤ ኮዳማ ግን አንድም ጣቢያ አያልፍም። ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ሲሄዱ የፉጂን ተራራ ለማየት ከፈለጉ በቀኝ በኩል መስኮት ዳር ያለውን፣ «ኢ» የሚል ፊደል የተጻፈበትን ወንበር ያስይዙ። ሰማዩ ጠርቶ ከዋለ፣ ከተነሡ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ተራራው ከነሙሉ ቁመናው ይታያል።

ለአንድ ጉዞ ሁለት ትኬት የሚሰጠኝ ለምንድን ነው?

አንደኛው ለርቀቱ የሚከፈለው መደበኛ የጉዞ ትኬት ነው፤ ሁለተኛው በፈጣን ባቡር ለመሳፈር የሚጨመረው ነው። በየጣቢያው በሚቆመው ባቡር በመጀመሪያው ብቻ መሄድ ይቻላል፤ ሺንካንሰንና ሌሎቹ ልዩ ፈጣን ባቡሮች ግን ሁለቱንም ይጠይቃሉ። በአውቶማቲኩ መግቢያ ሁለቱንም ደርበው ያስገቡና በወዲያኛው በኩል ሲወጡልዎ መልሰው ይውሰዷቸው፤ ሲወርዱ እንደገና ይጠየቃሉ።

ትኬት የሚገዛው አረንጓዴ ምልክት ባለው የጄ.አር. ትኬት ቢሮ፣ በእንግሊዝኛ በሚያዙት የትኬት ማሽኖች ወይም በስልክ መተግበሪያ ነው። በአዘቦት ቀን ቀደም ብሎ መያዝ ግድ አይደለም፤ የሚቀጥለው ባቡር ብዙም አይቆይም። በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባሉት ተከታታይ በዓላትና ሙታን በሚታሰቡበት በኦገስት አጋማሽ ግን አገሩ በሙሉ ወደየትውልድ ቦታው ይንቀሳቀሳል። በእነዚህ ጊዜያት ኖዞሚ ወንበር ላላስያዘ ሰው ልቅ ወንበር ስለሌለው፣ ቀኑን እንዳወቁ መያዝ ይገባል።

የጃፓን ሬል ፓስ መግዛት ያዋጣል?

ፓሱ ለተወሰኑ ቀናት በጄ.አር. ባቡሮች እንደልብ የሚያስኬድ ትኬት ነው፤ ለብዙ ሰው ግን አያዋጣም። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የሰባት ቀኑ መደበኛ ፓስ 50,000 የን ሆኗል፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ግን ወደ 28,000 የን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቶኪዮ ሂሮሺማ ደርሰው ቢመለሱ እንኳ ወጪው 40,000 ገደማ ስለሆነ፣ ፓሱ ትርፍ የሚሰጠው ከዚህም አልፎ ለሚዞር መንገደኛ ነው። ፓሱ የሚሸጠው ለአጭር ጊዜ ጎብኚ በመሆኑ ሲረከቡት ፓስፖርትዎ ላይ የተመታውን የመግቢያ ማኅተም ማሳየት አለብዎ፤ በኖዞሚ ለመሄድም ተጨማሪ ክፍያ አለው። ዋጋው ሊለወጥ ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት የየጉዞውን ዋጋ ደምረው ያነጻጽሩ።

ጊዜ ላለው ሰው የእኔ ምክር ሌላ ነው። በዓመት በሦስት ወቅቶች ብቻ የሚሸጥ «ሴይሹን 18» የተባለ ትኬት አለ፤ ስሙ ውስጥ ያለው ቁጥር ዕድሜን አይገድብም፤ ማንም ሊገዛው ይችላል። ለተከታታይ ሦስት ቀን 10,000 የን፣ ለአምስት ቀን 12,050 የን ተከፍሎበት በመላው አገር በጄ.አር. ተራ ባቡሮች ያስኬዳል። ሺንካንሰን ላይ አይሠራም፤ ነገር ግን በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ባቡር እየቀየሩ፣ የቀበሌኛው አነጋገርና የምሳ ሣጥኑ ዓይነት ሲለወጥ እያዩ አገሩን ማቋረጥ የሚቻለው በእርሱ ነው። የአንድን አካባቢ መስመሮች ብቻ የሚያካትቱ ርካሽ ፓሶችም ስላሉ፣ አንድ ክልል ውስጥ ለሚቆይ ሰው ከዋናው ፓስ ይልቅ እነሱ ይሻላሉ።

ሱይካ የሚባለው ካርድ ምንድን ነው?

ገንዘብ ተሞልቶበት በመግቢያው ላይ ነካ በማድረግ የሚሠራ ካርድ ነው። ሱይካ፣ ፓስሞ፣ ኢኮካና ሌሎችም ስሞች ቢኖሩትም በትልልቅ ከተሞች አንዱ በሌላው ቦታ ይሠራል፤ በየሱቁም መክፈያ ይሆናል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ካርዱ ለሺንካንሰን ትኬት ምትክ አይሆንም፤ በብዙ የገጠር መስመሮች ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ ስለዚህ ሳንቲምና የ1,000 የን ኖት ከኪስዎ አይጥፋ።

ትልቅ ሻንጣ ይዤ መሳፈር እችላለሁ?

ቶኪዮን ከኦሳካና ከኪዩሹ በሚያገናኙት የሺንካንሰን መስመሮች ላይ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ከበስተኋላው ቦታ ያለውን ልዩ ወንበር አስቀድሞ ማስያዝን ይጠይቃል። ማስያዙ ተጨማሪ ዋጋ የለውም፤ ሳያስይዙ ቢገኙ ግን 1,000 የን ይከፈላል። ጃፓኖቹ ራሳቸው ከባድ ዕቃ ይዘው አይንገላቱም፤ ከሆቴል ወይም ከሰፈር ሱቅ ለዕቃ አድራሽ ኩባንያ ያስረክቡና አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ መድረሻቸው ላይ ይቀበላሉ። ትንንሽ የገጠር ባቡሮችን ለማየት የሚሄድ ሰው ይህን ቢያደርግና የአንድ ሁለት ቀን ልብስ በጀርባ ቦርሳ ብቻ ቢይዝ መንገዱ ይቀለዋል።

በባቡር ውስጥ ነውር የሚባለው ምንድን ነው?

በስልክ መነጋገር ዋነኛው ነው፤ ጥሪ ቢመጣ ስልኩን ዘግቶ ከወረዱ በኋላ መልሶ መደወል የተለመደ ነው። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ሰው በበዛበት ፉርጎ ውስጥ ወደ ደረት ይዞራል ወይም መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል። መሳፈሪያው ላይ በተሰመረው መስመር ተሰልፈው የሚወርዱት እስኪወርዱ ይጠብቃሉ። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአካል ጉዳተኞች የተለዩት ወንበሮች ምልክት አላቸው። በትልልቅ ከተሞች ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የተመደቡ ፉርጎዎች ስላሉ፣ ወንዶች መሳፈሪያው ወለል ላይ የተጻፈውን ሳያዩ አይግቡ።

ስለ ምግብ የሚነሣው ጥያቄ መልሱ እንደ ባቡሩ ዓይነት ይለያያል። በከተማ ውስጥ ባቡር አይበላም፤ በሺንካንሰንና በረጅም ርቀት ባቡሮች ግን በየጣቢያው የሚሸጠውን፣ ኤኪቤን የሚባለውን የምሳ ሣጥን ከፍቶ መብላት የጉዞው ወግ ነው። ሣጥኑ የአካባቢውን ምርት ስለሚይዝ ከተቻለ ከየደረሱበት ጣቢያ ይግዙ።

ጾመኛ ወይም ሙስሊም መንገደኛ ምን ይበላል?

አትክልት ብቻ የሚመስለው የጃፓን ምግብ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በወጣ መረቅ የተሠራ ነው፤ የሚሶ ሾርባውም፣ የኑድሉ መረቅም እንደዚያው። ዓሣ በጾም ለማይበሉ ከየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው በኮምጣጣ ፕለም የተሞላው የሩዝ ኳስ ነው፤ ፍራፍሬና የተጠበሰ ስኳር ድንችም አይጠፋም። የተሟላ የጾም ማዕድ የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ኮያ ተራራ ይሂድ። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር ጎኩራኩባሺ ተደርሶ ከዚያ ሽቅብ በገመድ በሚሳብ ባቡር ይወጣል። እዚያ ያሉት የቡድሃ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፤ የሚያቀርቡት ምግብ ሥጋም ዓሣም የሌለበት፣ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ የወጣ ነው። በጾም ሰሞን የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ሳይጨነቅ የሚበላበት ከዚህ የተሻለ ማዕድ በጃፓን አላውቅም።

ሙስሊም መንገደኛ ከአሳማ ሥጋው ሌላ ሚሪንና ሳኬ የሚባሉትን፣ በወጥ ውስጥ የሚጨመሩ አልኮል ያለባቸው ማጣፈጫዎች መጠየቅ ይኖርበታል። በናሪታና በሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያዎች የጸሎት ክፍል አለ።

ጃፓኖች በባቡር ውስጥ አይነጋገሩም ይባላል፤ ታዲያ ከማን ጋር መጨዋወት ይቻላል?

በቶኪዮ የጠዋት ባቡርና በኖዞሚ ውስጥ የሚባለው እውነት ነው። ሰዉ ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመለስም ያችን ጊዜ ለእንቅልፉ፣ ለንባቡና ለስልኩ ያደርጋታል። ዝምታው አጠገብ ያለውን ሰው ላለማስቸገር የሚደረግ ጨዋነት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ወሬ ለመጀመር መሞከር እርስዎንም እርሱንም ያሳቅቃል።

ነገሩ የሚለወጠው የፉርጎው ቁጥር ሲያንስና ባቡሩ ሲዘገይ ነው። በገጠር መስመሮች አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ያላቸው ባቡሮች ይሠራሉ፤ በብዙዎቹም አራት ሰው ፊት ለፊት የሚያቀማምጡ ወንበሮች አሉ። ጠዋት ተማሪዎች ሞልተውት ከሄዱ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ረፋድ ሐኪም ቤት ወይም ገበያ የሚሄዱ አዛውንቶች ይሳፈራሉ። ከቦርሳቸው መንደሪን ወይም ከረሜላ አውጥተው ለእንግዳ የሚዘረጉት፣ የት እንደሚወርድ ጠይቀው ጣቢያው ሲቃረብ «አሁን ነው» ብለው በእጃቸው የሚያመለክቱት በብዛት እነሱ ናቸው። የተሰጠዎትን በሁለት እጅ ይቀበሉ፤ ከያዙት ቆሎም ሆነ ብስኩት እርስዎም ያቅርቡ።

ወሬ ለመክፈት ከሁሉ የሚሻለው ቁርጥ ያለ ጥያቄ ነው። «ይህ ባቡር እገሌ ጣቢያ ይደርሳል?»፣ «እዚህ ከተማ ምን ልብላ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ጨዋታ ይወስዳል። ሌላው የሚረዳው የማኅተም ደብተር ነው። በጃፓን ብዙ ጣቢያዎች የየቦታው ሥዕል ያለበት የጎማ ማኅተም ከነቀለሙ ተቀምጧል፤ ነጭ ደብተር ይዞ ማኅተም የሚሰበስብ እንግዳ ሲያዩ ሠራተኞቹም ተሳፋሪዎቹም ደብተሩን ለማየት ይጠጋሉ።

የትኞቹን መስመሮች ይመክራሉ?

በመጀመሪያ የማነሣው በኢዋቴ ክፍለ ሀገር የፓስፊክን ዳርቻ ይዞ 163 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የሳንሪኩ ባቡር ነው። በማርች 2011 ሱናሚው ጣቢያዎቹንና ድልድዮቹን ጠራርጎ ሲወስድ፣ ኩባንያው በአምስተኛው ቀን የተረፈች አጭር ቁራጭ ላይ ባቡር አስነሥቶ ሕዝቡን በነጻ ማመላለስ ጀመረ። በዚያ ዳርቻ የሚኖር ሰው ስለ ባቡሩ ሲጠየቅ ፊቱ የሚበራው ስለዚህ ነው። በክረምት ወለሉ ላይ ማሞቂያ ያለው ዝቅተኛ ጠረጴዛና ብርድ ልብስ የተዘጋጀለት ፉርጎ ይጨመራል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች እግራቸውን ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር አስገብተው ሲቀመጡ ዝም ማለት ይከብዳቸዋል።

ከአኪታ ወደ አኦሞሪ በጃፓን ባሕር ዳር የሚሄደው የጎኖ መስመር ደግሞ ለዓይን የሚማርክ ነው፤ በዚያ የሚሠራው ሪዞርት ሺራካሚ የተባለ የጉብኝት ባቡር ውስጥ የጹጋሩ ሻሚሴን (ባለ ሦስት አውታር የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋቾች ተሳፍረው የሚጫወቱበት ጊዜ አለ። በፉኩሺማ ተራሮች መካከል የሚያልፈው የታዳሚ መስመር በ2011 ጎርፍ ከተቆረጠ በኋላ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በኦክቶበር 2022 ነው፤ የመንደሩ ነዋሪዎች ለሚያልፈው ባቡር እጃቸውን ሲያውለበልቡ ከመስኮት መልስ መስጠት ይገባል። ከቶኪዮ በሁለት ሰዓት ገደማ ቾሺ ደርሶ የሚገኘው የቾሺ ኤሌክትሪክ ባቡር ርዝመቱ 6.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በ2006 ለባቡሮቹ ምርመራ የሚከፍለው ቢያጣ የሚሸጠውን የሩዝ ብስኩት እንዲገዙለት ሕዝቡን ለምኖ ከመዘጋት ተርፏል። በዋካያማ ያለውን የኪሺ ጣቢያ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ የጣቢያ ኃላፊ ተብላ የተሾመችው ታማ የተባለች ድመት አሳወቀችው፤ ታማ በ2015 ብትሞትም ጎብኚው አልቀረም።

በገጠር ባቡር ሾፌሩ ብቻውን ነው፤ ሒሳብ የሚከፈለው እንዴት ነው?

ብዙውን ጊዜ በኋለኛው በር ይገባል። በሩ በራሱ ካልተከፈተ አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። እንደገቡ ከትንሽ ሣጥን ቁጥር የታተመበት ወረቀት ይሳቡ፤ ቁጥሩ የተሳፈሩበትን ጣቢያ ያመለክታል። ከሾፌሩ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ በየቁጥሩ ሥር ዋጋው ይታያል፤ ጣቢያ ባለፈ ቁጥርም ከፍ ይላል። ሲወርዱ በፊተኛው በር ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ወረቀቱንና ልኩን ገንዘብ ይጨምራሉ። ሣጥኑ ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጥም፤ ባቡሩ ቆሞ ሳለ በጎኑ ባለው መዘርዘሪያ ኖትዎን አስቀድመው ይመንዝሩ።

ከፊት ወንበር ከተቀመጡ ሾፌሩን ይመልከቱ። ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጁ ወደ እያንዳንዱ የምልክት መብራት እየጠቆመ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከጣቢያ ሲነሣም ሰዓቱንና የጊዜ ሠሌዳውን በጣቱ ነክቶ ነው። ብቻውን ሆኖም የማይተወው ይህ ሥርዓት እጅ፣ ዓይንና አፍ አብረው ሲሠሩ ስሕተት ስለሚቀንስ የተደነገገ ነው። በዚያ ሰዓት ጥያቄ አይጠየቅም፤ ባቡሩ ሲቆም ግን በትዕግሥት ይመልሳል።

ጃፓንኛ አልችልም፤ ምን ያህል ይቸግረኛል?

ለመንገዱ ብዙ አይቸግርም። የጣቢያ ስሞች በላቲን ፊደልም ይጻፋሉ፤ በከተማ እያንዳንዱ ጣቢያ የመስመሩ ፊደልና ቁጥር አለው። ከ200 በላይ መውጫ ባለው በሺንጁኩ እንኳ የመውጫውን ስም አስቀድሞ ያወቀ ሰው አይጠፋም። ለጭውውት «ሱሚማሴን» (ይቅርታ) ብሎ መጀመር፣ «አሪጋቶ ጎዛይማስ» ብሎ ማመስገን ግድ ነው፤ የቀረውን የስልክ ተርጓሚ ይሞላዋል። ብዙ ጃፓናውያን እንግሊዝኛ ከመናገር ማንበብ ይቀናቸዋልና ጥያቄዎን ወረቀት ላይ ጽፈው ቢያሳዩ ቶሎ ይግባባሉ።

ቋንቋ የሚችል ሰው ለሚፈልጉ ደግሞ በየከተማው የበጎ ፈቃድ አስጎብኚዎች ማኅበራት አሉ። ለአገልግሎታቸው ክፍያ አይጠይቁም፤ የራሳቸውን የትራንስፖርት፣ የመግቢያና የምሳ ወጪ መሸፈን ግን የተጋባዡ ፋንታ ነው። አብዛኞቹ ጡረተኞችና ተማሪዎች ስለሆኑ አስቀድሞ መጻፍና ቀጠሮውን በደቂቃው ማክበር ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ምን ይላሉ? ስጦታስ ምን ልያዝ?

ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነ «አበበ!» ይላሉ። አበበ ቢቂላ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 በቶኪዮ ማራቶኑን ደግሞ ሲያሸንፍ ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ብዙ ነው። በዚያው ውድድር ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ የፉኩሺማዋ የሱካጋዋ ልጅ ነበር። ሱካጋዋ ከኮሪያማ በተራ ባቡር ቅርብ ናት፤ በስሙ የተሰየመ የመታሰቢያ አዳራሽም አለባት። ሁለቱን ሯጮች አንሥቶ ሱካጋዋ ላይ የሚወርድ ኢትዮጵያዊ የሚያወራው ሰው አያጣም። ወጣቶቹ ደግሞ ከቡናው ያውቁናል፤ የኢትዮጵያ ቡና ሞካ በሚል ስም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይጠጣል፤ ይርጋጨፌም በየቡና ቤቱ ተጽፎ ይታያል።

ስለዚህ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ የተቆላ ቡና ከሁሉ የሚሻል ስጦታ ነው። ቋንጣም ሆነ ሌላ የሥጋ ውጤት ይዞ መግባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ለማንም አይያዙ። ጉርሻም ባቡር ላይ፣ ምግብ ቤትም ሆነ ታክሲ ውስጥ አይሰጥም፤ ትተውት ቢሄዱ ረሱት ብለው ሊከተሉዎ ይችላሉ።

የመጨረሻው ባቡር ቢያመልጠኝ ወይም ዕቃ ብረሳ ምን ላድርግ?

ከእኩለ ሌሊት ገደማ እስከ ንጋት ድረስ ባቡር የለም። በከተማ ካመለጠዎ ታክሲው ውድ ስለሆነ በጣቢያው አካባቢ ባሉ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስተኙ ሣጥን መሰል አልጋዎች ባሏቸው ሆቴሎች ማደር ይቀላል። በገጠር ግን የመጨረሻው ባቡር ገና በምሽቱ ሊሄድ ስለሚችል የመመለሻውን ሰዓት ሲደርሱ ፎቶ ያንሡት። ባቡሮቹ ሰዓታቸውን የሚያከብሩበት ልክ በ2017 ታይቷል፤ የጹኩባ ኤክስፕረስ ኩባንያ አንድ ባቡር 20 ሴኮንድ ቀድሞ ተነሣ ብሎ ይቅርታ ጠይቋል።

የተረሳ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ለጣቢያው ሠራተኛ የባቡሩን ሰዓትና የፉርጎውን ቁጥር ይንገሩ፤ ባለቤቱ ያልመጣለት ዕቃ ወደ ፖሊስ ተዛውሮ በሕጉ መሠረት ሦስት ወር ይጠበቃል። አምቡላንስ በ119፣ ፖሊስ በ110 ይጠራል።

ፉርጎው ሞልቶ ሳለ የአጠገቤ ወንበር ባዶ ቢቀር ወይም ፖሊስ ፓስፖርት ቢጠይቀኝ ዘረኝነት ነው?

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በተለይ ጥቁር መንገደኞች ደጋግመው ይናገሩታል። ከሚሸሹት መካከል እንግዳው ቢያናግረኝ መልስ አጣለሁ ብሎ የሚያፍር አለ፤ ስለ ባዕድ ያደረበት መጥፎ ግምት የሚመራውም አለ፤ ከወንበሩ ባዶነት ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ማማረሩ ተገቢ አይደለም ብሎ የሚመክር ሰው አልስማማበትም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። የሚያጽናናው በዚያው ባቡር «እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ቦርሳውን የሚያነሣ ሰውም መኖሩ ነው።

ጎብኚ ፓስፖርቱን ሁልጊዜ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል፤ ፖሊስ ሲጠይቅ ማሳየት ግዴታ ነው። ቢሆንም መልክ ብቻ እየታየ የሚደረግ ፍተሻ በጃፓን ውስጥም አከራካሪ ሆኗል፤ በጃንዋሪ 2024 የውጭ ተወላጅ የሆኑ ሦስት ነዋሪዎች በቶኪዮ ፍርድ ቤት መንግሥትን ከሰዋል። ቢቆሙ በእርጋታ ያሳዩ፤ ለምን እንደተጠየቁ በትሕትና መጠየቅም መብትዎ ነው።

በባቡር የተዋወቅሁት ሰው ቤቱ ቢጋብዘኝ ልሂድ?

ጃፓኖች ቤት መጋበዝ ስለማያዘወትሩ ግብዣው ከመጣ ትልቅ አክብሮት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሻይ ቤት ወይም ከምግብ ቤት መጀመር ለሁለቱም ወገን ይቀላል። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በየትኛውም አገር እንደምታደርገው ቀን በሰው ፊት መገናኘትን ታስቀድም፤ የምትሄድበትንም ለሰው ትንገር። ከሄዱ በቀጠሮው ሰዓት ይድረሱ፣ ጫማዎን በር ላይ አውልቀው ጫፉን ወደ ውጭ ያዙሩ፣ ቡናውን ሲገቡ ያበርክቱ፤ ቀድመው ካልተነጋገሩበት በቀር ከእራት በኋላ ብዙ አይቆዩ።

አድራሻ የሚለዋወጡት በአብዛኛው ላይን በተባለው የስልክ መልእክት መተግበሪያ ነው፤ ከጉዞው በፊት ቢጭኑት ይጠቅማል። ያነሡትን ፎቶ በማግሥቱ ከአጭር ምስጋና ጋር ይላኩላቸው፤ ፊታቸው የሚታይበትን ግን ሳይጠይቁ በማኅበራዊ ገጽ ላይ አይለጥፉ።